ለመንፈቅሽ የተጠበቀው ድንች

እማዬ፣ የኔ እናት፣

ትተሽን ከሄድሽ ክረምቱ አለፈ፣ አደይ አበባው ፈክቶ ረገፈ፣ ኅዳር ገባ፣ ይኸው የጽጌ ጾምም ተፈታ። እንደምን አለሽ ብዬ አልጀምርም። አንቺ ያለሽበት ሰላም እንደሆነ ቄሱም ጎረቤቱም እየደጋገመ ነግሮኛል። ሰላም የጠፋው እዚህ ቁስቋም ሰፈር፣ እቤትሽ ነው፤ የጠፋውም በጓሮሽ ምክንያት ነው።

እንደው ምን ነበረበት በሕይወት ሳለሽ አንዳችንን እንኳን ወደ ጓሮ ብታስገቢን? ችግኙን ትረግጡብኛላችሁ እያልሽ ሁላችንንም ከበሩ ትመልሽን ነበር። አሁን ምን የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም። ጎመኑን ከሰላጣው ቀላቅለሽዋል፣ ቃሪያውን ዱባው ሥር ደብቀሽዋል፤ መስመር የለው፣ ምልክት የለው። አረም ነው ብዬ አንድ ሙሉ ጠዋት ጎንበስ ብዬ የነቀልኩት ድንብላልሽ ሆኖ ተገኘ፤ ያወቅሁት እጄን ሳሸተው ነው። ቲማቲሙ ሳይቀላ ከነግንዱ ጠቆረ። ዱባሽ ደግሞ አጥር ተሻግሮ የእትዬ ዘይነባ ቆርቆሮ ላይ ወጣና እዚያው አፈራ። እሳቸው ደግ ስለሆኑ መሰላል አቁመው አወረዱልን እንጂ፣ ሌላ ጎረቤት ቢሆን ጣሪያዬን አጎበጣችሁት ብሎ ቀበሌ ይጠራን ነበር።

ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ድንቹንና አባዬን ነው።

ማራኪ ሰፈር የተከራየሁትን ክፍል ለቅቄ ወደ ቤት የተመለስኩት አባዬ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ መሆኑን ታውቂያለሽ። ብቻውን አልሆነም፤ ድንች አለው። ዕድሜውን ሙሉ በዜማና በቅኔ ያሳለፈ፣ ዶማ በየት በኩል እንደሚያዝ የማያውቅ መሪጌታ፣ ከሥራ ስመለስ ጓሮው አፍ ላይ ወንበር አውጥቶ፣ ዳዊቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አገኘዋለሁ። የሚደግመው አንድ መስመር፣ የሚያየው ድንቹን ነው። ዶሮ ዝር ካለች በመቋሚያው ያባርራል። የድንቹ ቅጠል በመስከረም ደርቆ አለቀ። እንቆፍረው ስለው አይሆንም አለ።

ምክንያቱን ስሰማ መጀመሪያ አንጀቴን በላው። አርባሽ የወጣው በዚያ ዝናብ፣ ዕድሩ ባመጣው፣ ከገበያ በተገዛው ነገር ነበር፤ አንቺ በእጅሽ ያበቀልሽው አንድም ነገር አልቀረበም። ይሄ እሱን ሲከነክነው ከርሟል። ስለዚህ ልትሞቺ ሰሞን የኮተኮትሽው ድንች ለመንፈቅሽ፣ ለጥር፣ መሬት ውስጥ ይቆይ ብሎ ቆረጠ። ድንች መሬት ውስጥ ይቆያል እንዴ አባዬ ብለው፣ እሷ የቀበረችውን እሷ ትጠብቀዋለች አለኝ። ይሄን የሚል ሰው ምን ይባላል? አንድ ቅዳሜ ዶማ ይዤ ስገባ መደቡ መሐል ቆሞ መጀመሪያ እሱን እንድቆፍረው ነገረኝ። ወጣሁ፤ ምን ላድርግ?

ከዚያ ፍልፈሉ መጣ። በየጠዋቱ አዲስ የአፈር ክምር እናያለን። አንዱን የደረቀ ግንድ ጎተት ባደርገው ያለምንም ትግል ወጣ፤ ከሥሩ ምንም የለም። አየህ፣ ተዝካሩን ፍልፈል ቀድሞ እያወጣው ነው ስለው፣ አባዬ ምን ያደረገ ይመስልሻል? ጠበል አምጥቶ ክምሩ ላይ ረጨ። በማግስቱ ሁለት ክምር ተጨመረ። እኔ እንደሚመስለኝ ፍልፈሉ በጠበሉ ከነበረበት ሕመም ሁሉ ተፈወሰ።

እኔ ደግሞ መላ አጣሁ። በሥራ ቀን ቢሮ ነኝ። ቅዳሜ እሱ ቤት ነው። ከወንበሩ የሚነሣው ለእሑድና ለበዓል ብቻ ነው፤ በእሑድና በበዓል ደግሞ መሬት አይቆፈርም። ጠባቂው ሲሄድ ቀኑ ራሱ ጠባቂ ይሆናል። ፍልፈሉ ግን በዓል አያከብርም፤ እሑድም ይበላል፣ በማርያምም ይበላል። ይሄን እያሰብኩ ስንት ጊዜ ብቻዬን እንደተናደድኩ ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ።

የቁስቋም ማርያም ዕለት አባዬ ከዋዜማው ጀምሮ ማኅሌት ሄዷል። ሰፈሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል። እኔ ለእንግዳ ሽንኩርት እየከተፍኩ ወደ ጓሮ ብመለከት፣ ሌላ የአፈር ክምር ዓይኔ እያየ ከፍ ከፍ ይላል። ቢላዬን ጥዬ ጮህኩ። እትዬ ዘይነባ በአጥሩ በኩል ምን ሆንሽ አሉ። ነገርኳቸው። ዶማቸውን ይዘው መጡ።

«በዓሉ ያንቺ ነው፤ ለኔ ተራ ቀን ነው» አሉኝ። «አንቺ አትቆፍሪም፤ ቆመሽ ልቀሚ።»

ኃጢአቱ ለማን እንደሚጻፍ አላውቅም፤ ደክሞኝ ነበርና በሩን ከፈትኩላቸው። ያ ሁሉ መደብ ባዶ ነው፣ እማዬ። የተረፈውም ግማሹ ተግጦ ቅርፊቱ ብቻ ነው የወጣው። እትዬ ዘይነባ ግን ጉድጓዱን ተከትለው አጥሩ ሥር ድረስ ቢወርዱ፣ የፍልፈሉን ጎተራ አገኙት። ድንችሽን አንድ ባንድ ወስዶ፣ ደርድሮ፣ ለበጋው አስቀምጦታል። ሳልወድ አደነቅሁት፤ በቤታችን በደንብ ያሰበ እሱ ብቻ ነው። ከእሱ የቀማነውን ጨምረን ደህናው አንድ ሳፋ ያህል ሆነ።

አባዬ የመጣው ያኔ ነው፤ በነጭ ጋቢው፣ መቋሚያውን ይዞ። ሳፋውን አየ፣ የተቆፈረውን አየ፣ አንድ የተቦረቦረ ድንች አንሥቶ አገላበጠ። እኔ ቁጣውን እየጠበቅሁ ነው።

«ምነው ቀድማችሁ አላወጣችሁትም?» አለ።

እግዜር ያሳይሽ፣ እማዬ። ልጮህበት አፌን ስከፍት እትዬ ዘይነባ ክንዴን ያዙኝ። ቀና ብዬ ሳየው እያለቀሰ ነበር። በቀብርሽ ቀን ሌላውን ሲያጽናና ነው የዋለው፤ ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። በዚያ በበዓል ልብሱ አፈሩ ላይ ተቀመጠና ድንቹን አንድ በአንድ በጋቢው ጫፍ መጥረግ ጀመረ። ጋቢውን የማጥበው እኔ እንደሆንኩ አላሰበም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ማታ የተጋጠውን እየከረከምኩ ቀቀልኩት። በላ። ከሄድሽ ወዲህ ከጓሮሽ የበላው የመጀመሪያው ነው፤ ጨው አነሰው ብሎ ደግሞ አማረረ። ከዚያ ራሱ መላ አመጣ። የጎደለውን ከቅዳሜ ገበያ እንገዛለን፤ ግን በየድስቱ ያንቺ ይግባበት፣ ማንም ያንቺ ሳይደርሰው እንዳይሄድ አለኝ። እሺ አልኩት። በጥር እንደዚያው ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ለአባዬ ሳልነግረው አድርጌያለሁ። ከሳፋው ትናንሾቹን መርጬ አልጋዬ ሥር ደብቄያለሁ። ዓይን ሲያወጡ እተክላቸዋለሁ፤ መቼና እንዴት እንደሆነ ሳታሳዪኝ ስለሄድሽ እትዬ ዘይነባን እጠይቃለሁ። አልረሳሽም፤ እንደ አባዬ ግን ቀብሬ አልጠብቅሽም። ሲደርስ በወቅቱ አወጣዋለሁ፣ ትኩሱን እንበላዋለን፣ ከእትዬ ዘይነባ ቤት ጀምሬ ለጎረቤት አካፍላለሁ፣ ዘሩን አስቀርቼ እንደገና እተክላለሁ። እኔ እስካለሁ ድረስ በዚህ ቤት ያንቺ ድንች ይበላል።

ልጅሽ