ስድስተኛው አያት

ዳንግላ፣ ሰኔ 4 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለቀድሞ እጮኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ፣ ልጆችሽስ? የባለቤትሽን ሞት የሰማሁት ዘግይቶ ነውና ያልደረስኩት በክፋት አይደለም፤ እግዚአብሔር ያጥናሽ። እኔን ከቁጣዬ በቀር የሚያመኝ የለም።

ወደዚህ የመጣሁት ለመንገደኞች መምሪያ የሚሆን መጽሐፍ እንድጽፍ ተልኬ ነው። ከሁለት የሥራ ጓደኞቼ ጋር ከእንጅባራ ተነሥተን የዘንገናን ሐይቅ አየን፤ ዳንግላ ላይ የድሮውን የቆንስላ ግቢ ዞርን፤ ከዚያ በበቅሎ የዱራን ወንዝ ሸለቆ ይዘን ወደ ጫግኒ ወረድን። ወንዙ ያምራል። ጓደኞቼ ግን ውኃ ባዩ ቁጥር «ገነት» እያሉ ይጽፋሉ። የወባ መድኃኒት እየዋጡ የሚገቡባት ገነት የለችም ብዬ አሠረዝኳቸው።

የአገሩን ታሪክ የሚያውቅ ሽማግሌ ብንጠይቅ፣ ሸለቆው አፋፍ ላይ ወደሚኖሩት ወደ አያ ደርበው ወሰዱን። አትረሺያቸውም፤ ሠርጋችን ሲቃረብ ዘር ቆጥረው «በስድስተኛው አያት ትገናኛላችሁ፤ ሰባት ቤት አልሞላም» ብለው እጮኝነታችንን ያፈረሱት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ምላሳቸው ግን አልደከመም። የመንደሩን አመጣጥ ሲተርኩ የእኔን ወገን ከባንጃ፣ የአንቺን ከአንከሻ እያነሡ እስከ ዐሥረኛው አያት ቆጠሩ። የትም አልተገናኘንም።

ማን እንደሆንኩ ነግሬ፣ ያኔ በስድስተኛው አገናኝተውን እንደነበር አስታወስኳቸው።

ሳቁ። «ያኔማ ያገናኛችሁ የልጅቱ እንባ ነው። ‹እኔን ካገባ ከዚህ አይነቃነቅም፤ ትምህርቱ ይቀርበታል› ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። እንቢ ብላትስ ትነሣ ነበር?»

የነገሩኝ በአገራችን ቋንቋ በአውኚ ነበርና በአማርኛ አስደገምኳቸው። በሁለቱም ያው ነው።

ማን ጠየቀሽ? ቤይሩት ሄጄ እንድማር የለመነሽ ማን ነው? እኔ ለመቅረት ቆርጬ ነበር፤ አንቺ የእኔን ነገር ከእኔ ደብቀሽ ከሽማግሌ ጋር ጨረስሽው። እኔ ሞኙ በሰው አገር፣ ዘመዴን መውደዴ ኃጢአት መስሎኝ ንስሐ ገባሁ፤ የታዘዘብኝን ጾም ሁሉ ጾምኩ። ያንን ጾም ማን ይመልስልኛል? አንቺ አገባሽ፣ ወለድሽ። እኔ መጽሐፍ ሰበሰብኩ። የተማርኩትም ቢሆን የውኃን መልክ ገልጬ እንድጽፍ ካላበቃኝ በቀር ሌላ ጥቅሙ አልታየኝም።

ጓደኞቼን ትናንት ወደ አዲስ አበባ ሸኘኋቸው። ሥራዬ አላለቀም ብያቸዋለሁ፤ አልቋል። ለክረምቱ እዚሁ ዳንግላ ከወይዘሮ ዘውድነሽ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። አንቺ ያለሽበት ጥሊሊ ሩቅ አለመሆኑን አውቃለሁ። ልጆችሽ ፊት እንዳልጮኽብሽ ፈርቼ ነው የጻፍኩት። መልስሽን ግን በጽሑፍም ሆነ በሰው እጅ አልቀበልም።

ልጆችሽን ይባርክልሽ፤ ኀዘንሽን ያስረሳሽ፤ ለእኔም ትዕግሥቱን ይስጠኝ።

ባዳሽ