ባዶ ፉርጎ ይዘላል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12። የጠዋት ቆጠራ፦ በባዶው ፉርጎ ደርሶ መልስ የሄደ እንቁላል ሦስት ትሪ፤ ሳይሰበር የተመለሰው አንድ ትሪ እንኳ አልሞላም። የእማዬ የእግር ጣቶች፦ ሁሉም ይንቀሳቀሳሉ።

ውድ ወንድሜ ብሎኔ፣

እንደምን ከረምክልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሳል ለቀቀህ ወይ? የምትሠራበት አዳራሽ ማሞቂያ ተገጠመለት ወይስ አሁንም ጓንት አጥልቀህ ነው የባቡር ሞላ የምትነድፈው? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? ትንሿ ጥርስ አበቀለች? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ቆመን እንሄዳለን፤ ከእማዬ በቀር።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ድምፅህን ስሰማ ግን ማልቀሴ አይቀርም፤ እማዬ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ሆና ሁሉንም ትሰማለች። ስለዚህ መጻፉ ይሻላል ብዬ ነው። ይህ ወረቀት እስኪደርስህ ነገሩ አልፎ ይሆናል፤ ቢሆንም እወቀው።

ከሱቁ በርጩማ ወድቃ የወገቧ አጥንት ከተሰነጠቀ ወዲህ ጀርባዋን ከፍራሹ እንዳላነሳች ጽፌልህ ነበር። ትናንት ሐኪሙ መጣ። ስንጥሩ ወደ ነርቩ ተጠግቷል፣ ቀዶ ጥገናው በትልቁ ሆስፒታል ነው የሚደረገው፣ ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዤላታለሁ፣ መንገድ ላይ ክፉኛ ከተናወጠች ግን እግሯ ላይመለስ ይችላል አለኝ። ታዲያ እንዴት አድርጌ ላድርሳት ብለው፣ በቀስታ አለኝ። እሱንማ እኔም አላጣሁትም! የመኪናው መንገድ እንደሆነ ጉድጓዱ ከመንገዱ በልጧል። የቀረን ባቡሩ ነው።

ምናልባት በባቡር ብንወስዳት የት ላድርጋት ብዬህ ባለፈው የጻፍክልኝ ገብቶኛል። ከጎማው አጠገብ ያለው ሞላ የሐዲዱን ምት መጀመሪያ ይቀበላል፤ ጎማዎቹን ባቀፈው ክፈፍና በፉርጎው ሆድ መካከል ያለው ሁለተኛው ሞላ የተረፈውን ያለዝባል፤ አሞርዛተሩ ደግሞ ሞላው አንዴ ከተነሳ በኋላ ሲጨፍር እንዳይውል ይይዘዋል። ጠብ በሁለት ሽማግሌ እጅ ሲያልፍ እንደሚበርድ ማለት ነው። ከጎማው በላይ አታስተኚያት፣ መሃል ላይ አድርጊያት ብለህ ነበር፤ እንዳልከው አደርጋለሁ።

ግን ታውቀኛለህ፤ ያልሞከርኩትን ዕቃ አልገዛም። እናቴን ከመጫኔ በፊት እንቁላል ልጫን አልኩ። ቲኬት ቆራጩን ታስታውሰዋለህ፣ በጥርሱ ክፍተት እያፏጨ የሚያወራው፣ ፉጨት የምንለው። ሰው የማይበዛበት ፉርጎ ፈልግልኝ ብዬ ለመንኩት። ዛሬ ማለዳ ባዶውን የመጨረሻውን ፉርጎ ከፈተልኝ። ደስ አለኝ። እዚህ ማንም አይረግጣት፣ ማንም አያጨስባት፣ ተዘርግታ ትተኛለች አልኩ። የእሷን የሚመስል ፍራሽ መሃል ላይ አንጥፌ እንቁላሉን በላዩ ደርድሬ እስከሚቀጥለው ከተማ ሄጄ ተመለስኩ።

ብሎኔ፣ ያ ፉርጎ መንገዱን ሙሉ እንደ ጥጃ ሲዘል ነበር። እኔ ራሴ ወንበሩን በሁለት እጄ ጨብጬ ነው የተጓዝኩት። አስኳሉ ፍራሹን ጠጥቶ እስከ ወለሉ ወረደ። በገበያ ቀን ያንኑ ያህል እንቁላል ከጎማው በላይ ጭኜ እንኳ ይህን ያህል ተሰብሮብኝ አያውቅም። ፉጨት ትሪዎቹን አይቶ፣ እትዬ ለቁርስ ስንት ሰው ጠርተሻል አለኝ። አልሳቅሁለትም፤ መሳቅም ጉልበት ይፈልጋል።

ነገሩ የገባኝ ከጣቢያው ስመለስ ነው። የረጠበውን ፍራሽ ባለቤቴ ይዞ ቀድሟል፤ ጠዋት ዕቃዬን ያደረሰልኝ ተሸካሚ ባዶ ጋሪውን እየገፋ ከፊቴ ይሄዳል፤ ጋሪው ድንጋዩ ላይ ሲንቋቋ ጆሮዬን አደነቆረኝ። ጠዋት ወደ ጣቢያው ሲሄድ ግን፣ እንቁላሉ ከነፍራሹና ከነትሪው ሳለበት፣ ድምፅ አልነበረውም። ቆምኩ። ሞላውም ለሸክም ነው የተሠራው። ሸክሙን ካላገኘ አይታጠፍም፤ ካልታጠፈ ደግሞ የተመታውን ምት እንዳለ ወደ ላይ ያሳልፈዋል። ስንት ዘመን ከጋሪ ኋላ እየሄድኩ ይህን አላየሁም። ሰውም እንደዚያው ነው መሰለኝ፤ ሸክም ያለበት ዝም ይላል።

ባዶ ፉርጎ ውስጥ ላስተኛት ነው ብልህ ኖሮ ያንጊዜውኑ ትከለክለኝ ነበር። እኔ የት ላድርጋት ብቻ ነው የጠየቅሁህ። ለታመመ ሰው ጸጥ ያለ ባዶ ክፍል ሲፈለግ ነው ያደግነው፤ ባዶነት ይጎዳል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ግን ያ አሁን የምትነድፉት፣ በአየር የሚሞላው የላስቲክ ሞላ፣ ሸክሙ ሲቀል አየሩን ቀንሶ የሚለሰልሰው፣ መቼ ነው ወደዚህ መስመር የሚመጣው? ወቀሳ አይደለም። ደክሞኝ ነው።

ሰው የሞላበት ፉርጎ ውስጥ እንዳላስገባት ደግሞ መተኛ ቦታ የለም። ስለዚህ ባዶውን ራሴ ማስሞላት አለብኝ፤ መሃሉን ትቼ። ረቡዕና ዓርብ ፉርጎ የሚሞላ ጭነት ያላት ማን ናት? ሽንኩርት ነጋዴዋ! ባለፈው ክረምት በመጫኛ ቦታ ተጣልተን ሰላምታ ካቆምን ወዲህ ፊቷን አይቼ አላውቅም። ዛሬ ከሰዓት ሄድኩ። ጆንያዎቿ መሃል ተቀምጣ ቀና እንኳ ሳትል፣ ምነው ዛሬ ሽንኩርቱ አልሸተተሽም አለችኝ። ዋጥኩት። ጭነቷን ወደ መጨረሻው ፉርጎ እንድታዛውርልኝ፣ ግማሹን ከፊቱ ግማሹን ከኋላው ጎማ በላይ እንድትደረድር፣ መሃሉን ለእናቴ እንድትለቅልኝ ነገርኳት። የያዘችውን ጆንያ አፉን አሰረች። ከዚያ፣ የአንቺን አላውቅም፣ እናትሽ ግን ከእኔ ሽንኩርት ስትገዛ አንድም ቀን አገላብጣ አልመረጠችብኝም፣ ለሷ ስል እለቅልሻለሁ፣ እንቁላልሽ ቢሰበር ግን በሽንኩርቴ እንዳታሳብቢ አለችኝ። ተመርቄ የወጣሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

ለእማዬ ስነግራት፣ ዕድሜ ልኬን ሲያስለቅሰኝ የኖረ ሽንኩርት ካሳ ሊከፍለኝ ነው በይኛ አለች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጄ የሠራው ሞላ ነው ወይ ያ ፉርጎ ያለበት ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም፣ ያ ሞላ አንተ ሳትወለድ የተሠራ ነው። እኔ ግን አዎ አልኳት። አንተም ብትጠይቅህ አዎ በላት።

ባለቤቴ ጠና ያለ ሰላምታ ያቀርብልሃል፤ ፍራሹን ያጠበው እሱ ነው፣ ጓሮ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ልጄ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ለአንገትህ ሹራብ ጨርሷል፤ የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልካለሁ። ባለቤትህን፣ ትልቁን፣ ትንሿን አንድ በአንድ ሳምልኝ። የቤት አከራይህንም ሲያስልህ ስለሰጠችህ ሾርባ አመሰግናለሁ በላት። እማዬ በተኛችበት ትስምሃለች።

እህትህ፣ ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ካለው ሱቅ።

ነገ፦ ሁለት ትሪ እንቁላል ከሽንኩርቱ መሃል አስቀምጦ ደርሶ መልስ መሄድ። ሽንኩርት ነጋዴዋን ቀድሞ ሰላም ማለት። ደህና ከተመለሰ፣ ለዓርብ የእማዬን ቲኬት መቁረጥ።