እጅ ያላረፈበት ሆድ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ጎንደር

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። የበሉት የሚስማማዎ፣ ጠግበው ከማዕድ የሚነሡ ያድርግዎ። ይህን ምኞቴን እንደ ተራ ሰላምታ እንዳያልፉት አደራ እላለሁ፤ በእኛ ቤት ጠግቦ መነሣት ትልቅ ነገር መሆኑን ካወቅን ሰንብተናል።

እኔ ይመኙሽ አምሐ እባላለሁ፤ እዚሁ ጎንደር የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ክስ ለማቅረብ አይደለም። ሆስፒታልዎ እናቴን ወይዘሮ ወለተሩፋኤልን ዓመት ከመንፈቅ ሲያክም የዋለላትን ውለታ ሰው ሁሉ እንዲያውቀው ብዬ ነው። ውለታው ስለበዛ በተራ በተራ አቀርበዋለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። እናቴ የኮላ ድባ ሰው ነበረች። አባቴ ከሞተ በኋላ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች በመሸጥ ነው ያሳደገችን፤ ሠርግ ያለበት ሁሉ ደጇን ያውቀው ነበር። ስልሳ ስምንት ዓመት ሲሆናት ሆዷ ይነፋ ጀመር። ሁለት ጉርሻ በልታ «ጠገብሁ» ትላለች፤ ያገሳታል፣ ሆዷ ይደርቃል፣ ሽንቷ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ወደ ጎንደር አስመጣኋትና በባጃጅ ይዣት ወደ እናንተ መጣሁ። መንገዱን ሁሉ ለሐኪሙ የምትነግረውን እያሰላሰለች ነበር፤ አንዱን እንዳትረሳው ለእኔም ደጋግማ ነገረችኝ። ሐኪምዎ ግን ግማሹን እንኳ ሳትናገር፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ፣ ጨጓራ መሆኑን ደርሶበት መድኃኒት አዘዘላት። ሌላው ግማሽ አፏ ላይ እንደቀረ ወጣን።

፪ኛ፦ ስለ ምክራችሁ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያ በርበሬ ከለከላችኋት፤ ዕድሜዋን ሙሉ በርበሬ ስታዘጋጅ የኖረች ሴት በአልጫ ተወሰነች። አልተሻላትም። በተመለስን ጊዜ ቡና ቀረ፤ ቀጥሎ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ቀሩ። አሁንም ሳይሻላት ሲቀር ጾሙን ትታ ወተት እንድትጠጣ ታዘዘች። የንስሐ አባቷን አስፈቅዳ፣ እንባዋን እየጠረገች፣ በዐቢይ ጾም ወተት ጠጣች፤ ሆዷ ግን ያው ነበር። ከማዕዷ ላይ የሚከለከል ነገር ሲጠፋ ሐኪምዎ አመጋገቧን እንድታስተካክል መክሯታል፤ ለዚህም እግዜር ይስጥልን።

፫ኛ፦ ስለ ላቦራቶሪያችሁ ትጋት። እናቴ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ የጨጓራ ባክቴሪያ ሁለት ጊዜ፣ ታይፎይድ አንድ ጊዜ፣ አሜባ ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ተገኝቶባታል። ለሁሉም መድኃኒት ተሰጥቷታል፤ ሁሉንም ሳታጓድል ውጣለች። እኔ ታዲያ ለምን አይሻላትም ብዬ ስጠይቅ፣ ያረጀ ሆድ እንዲህ ነው፣ ዕድሜ ነው፣ ተባልሁ። ዕድሜ በሽታ መሆኑን በዚያ ቀን ተማርሁ፤ እኛ መምህራን መማር አይሰለቸንም።

፬ኛውን ለመጻፍ እጄ ስለሚከብድ ረዘም ብዬ ልናገር ይፍቀዱልኝ።

እየሰነበተ ሲሄድ የእናቴ ፊት ወደ ውስጥ ገባ፤ ሆዷ ግን ወደ ውጭ ገፋ። ጎረቤታችን እትዬ ሸዋገነት አንድ ቀን በር ላይ አገኘቻትና ጎንደር ተስማምቶሻል፣ ሸጋ ወፍረሻል አለቻት። እናቴ ፈገግ ብላ አመሰገነች። ገብታ ግን የቀሚሷን ወገብ ስትተረትር አየኋት፤ ወገቡ ጠቧት ሳለ ትከሻው ከአጥንቷ ላይ እየተንሸራተተ ይወርድ ነበር። በማግሥቱ ይዣት መጥቼ ይህንኑ ለሐኪምዎ ተናገርሁ። ጋዝ ነው ብሎ ነጩን ክኒን በቢጫ ለወጠልን።

ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር ስልጠና አመጣልን። ነባር ሐኪሞችዎ በሙሉ ስለ መልካም የሕሙማን አያያዝ ሊሠለጥኑ ወደ ባሕር ዳር ሄደው ነበር፤ በእነርሱ ምትክ ያገኘናት በቅርቡ የተቀጠረችውን ዶክተር ብሌንን ነው። ኮምፒውተሩን ወደ ጎን ገፋችውና እናቴን ከመጀመሪያው ጀምራ እንድትነግራት ጠየቀቻት፤ ጨርሳ እስክትነግራትም ጠበቀቻት። ከዚያ የመመርመሪያ አልጋው ላይ የተቆለለውን ካፖርትና ካርቶን አንሥታ እናቴን አስተኛቻት፣ መዳፎቿን አሻሽታ አሞቀች፣ ሆዷ ላይ አሳረፈቻቸው። ግራውን ዳሰሰች፣ ቀኙን ዳሰሰች፣ ከእምብርቷ በታች ስትደርስ እጇ ቆመ።

«እማማ፣ ከዚህ በፊት ሐኪም ሆድዎን በእጁ ዳስሶት ያውቃል?»

እናቴ ሰው እንዳታስቀይም የፈራች መሰለች፤ አሰብ አደረገችና፣ «ኧረ የለም ልጄ» አለች። «ሆዴን አመመኝ እያልሁ እመጣለሁ እንጂ፣ እስቲ አሳይኝ ያለኝ የለም።»

በዚያው ቀን አልትራሳውንድ ተነሣች። ሆዷን የሞላው ጋዝ ሳይሆን ውኃ ነበር፤ ከውኃው ሥር ደግሞ ከማህፀኗ ጎን፣ እንቁላል ከሚያፈራው ክፍል የተነሣ ትልቅ ዕጢ ተቀምጧል። ዶክተር ብሌን እኔን ኮሪደር ላይ አውጥታ ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት ሆዷ አዲስ መንፋት ጀምሮ አልተዋት ሲል፣ ቶሎ ቶሎ ስትጠግብና ሽንቷ ሲመላለስ፣ ሐኪም ጨጓራን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ማሰብ አለበት አለችኝ። ቀድሞ ተደርሶበት ቢሆንስ ብዬ ጠየቅኋት። ትድን ነበር ብላ ልትዋሸኝ አልፈለገችም፤ አትድንም ነበር ብላም አልማለችም።

ውኃው ከሆዷ የተቀዳላት ዕለት እናቴ ራብ ተሰማት። እኔም በርበሬው ደህና አድርጎ የገባበት ወጥ ሠራሁላት፤ ገበታውን አጋምሳ በላች። እጇን ታጥባ ስታበቃ አየት አደረገችኝና፣ «ታዲያ በርበሬው ምን አድርጎ ነበር?» አለችኝ። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። ክቡርነትዎ የሚያውቁት መልስ ካለ ዛሬም ቢሆን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላከች፤ ሆዷ ተከፈተ፣ ዕጢው ግን ተሰራጭቶ ስለነበር ሁሉንም ማውጣት አልተቻለም። የካንሰሩን መድኃኒት ጀመረች፤ አንዳንዴ መንገድ እየተዘጋ መድኃኒቱ ሳይደርስ ይቀር ነበር። በመጨረሻ ወደ ኮላ ድባ መልሺኝ አለችኝ፤ መለስኋት። በጥቅምት፣ ሰው ሁሉ እህሉን ሊሰበስብ ማሳው ላይ ሳለ፣ እጄን ሆዷ ላይ እንዳሳርፍላት ጠየቀችኝ። አሳረፍሁላት። ከሥሩ መነሣቱንና መውረዱን እየቆጠርሁ ሳለሁ መነሣቱ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጓዳው ያ ማግሳቷ ይሰማኛል፤ ሄጄ በሩን እከፍታለሁ፣ ቀሚሷ ብቻ ተሰቅሏል። ገበታ ላይ ሁለተኛውን ጉርሻ ስውጥ እጄ ይቆማል። በሆስፒታልዎ በር ሳልፍ፣ ነጠላቸውን ሆዳቸው ላይ ሰብስበው አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ እናቶች ሁሉ እሷን ይመስሉኛል። አንዳንዶቹ ቀና ብለው ያዩኛል፤ የሚናገሩትን ልስማ ብዬ እቆምና የጥበቃ ሠራተኛዎ ምን ፈለግሽ ይለኛል።

የምፈልገውን ለእርስዎ ልንገርዎ። ካሳ አልጠይቅም፤ ሐኪም ይባረርልኝ አልልም። አዲስ መሣሪያ እንዲያስገቡም አላስቸግርዎም። ሆዴን አመመኝ የሚል ሰው ሲመጣ አልጋ ላይ ይተኛና ሆዱ ይዳሰስ። ለዚህ መብራትም ኢንተርኔትም አያስፈልግም፤ እጅ ደግሞ ሐኪሞችዎ ሁሉ እንዳላቸው አይቻለሁ።

የሐኪምዎ አንድ ምርመራ ከሚፈጀው በላይ ጊዜዎን በመውሰዴ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ለሆስፒታልዎ ከዚህ የበለጠ ስምና ዝና እየተመኘሁ፣ ከጥልቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ፤

ይመኙሽ አምሐ
የወይዘሮ ወለተሩፋኤል ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ነበር። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ግን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጡ። ጨዋታ ጀመርንና፣ ከጥምቀት ወዲህ ምግብ አልገባ እያላቸው፣ ሆዳቸውም እየተነፋ መቸገራቸውን ነገሩኝ። ሐኪም አይቷቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው ኮራ ብለው ሳቅ አሉ። «ልጄ ራሱ ሐኪም ነው፤ የሆስፒታሉ ኃላፊ ነው። በስልክ ነግሬው ጨጓራ ነው ብሎኛል» አሉኝ። ክቡርነትዎ፣ በዚህኛው አልቀልድም። የፊታችን ሰኞ ጠዋት እናትዎን ዶክተር ብሌን ዘንድ ልወስዳቸው ቃል ገብቼላቸዋለሁ፤ ቢቀድሙኝ ደስ ይለኛል።