ሚዛኑና በርኖስዎ

አባዬ፣

ከአዲስ አበባ ስጽፍልዎ ሁልጊዜ በእርስዎ ጤና ነበር የምጀምረው። አሁን እሱን መጠየቅ ስለማይቻል በእኛ ልጀምር፤ ደህና ነን። ከተለዩን ዓመት ሞላ፤ የሙት ዓመት ተዝካርዎም ትናንት ወጣ። ዛሬ ጠዋት እርስዎ ይቀመጡበት የነበረው መደብ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ላወራዎ የምፈልገው ስለ አንድ ሚዛን ነው።

አስቀድሞ የቤቱን ወሬ ይስሙ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ለማንም ግን አትናገርም፤ የማውቀው ስትነሳ ምሰሶውን ስትይዝ አይቼ ነው። ወንድሜ ሸዋፈራሁ የቤቱን ክዳን ከጓሳ ተራራ በታጨደ ሣር አድሶታል። ዛሬ ሣሩን ለማጨድ ፈቃድ የሚጠየቀው እንደ ድሮው አባቶች ዘንድ ሳይሆን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ዘንድ ነው። ሣሩ ሳይደርስ ሲታጨድ አይቼ ከሦስት ሰው ጋር ተጣላሁ። ንዴቴን ያውቁታል፤ ቀንሶ አላገኘሁትም።

አሁን ወደ ነገሬ። በቀብርዎ ዕለት የሆነውን ማንም አልነገረዎትም። በእጅዎ ሞልተው ሣጥን ውስጥ ካስቀመጧቸው ሁለት ጥይቶች አንዱን ሸዋፈራሁ ለአሮጌው ውጅግራ ጠመንጃዎ አጎረሰና ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ ወደ ሰማይ አነጣጠረ። ቃታው ተሳበ፤ ቀጭ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ከሸፈ። ጋሽ ወንድይራድ፣ ያ የዕድሜ ልክ ጓደኛዎ፣ እያለቀሱ «ድሮም ቆጣቢ ነበር፤ ድምፁንም ይዞት ሄደ» አሉ። ሰዉ በነጠላው አፉን ሸፍኖ ሳቀ። እርስዎም ቢሆኑ ይስቁ እንደነበር አውቃለሁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። በአገራችን የሰው ቀብር ላይ የከሸፈ ጥይት እንዴት ሲወራ እንደሚኖር እርስዎ ራስዎ ነበሩ የነገሩኝ።

ለሙት ዓመቱ እንደገና እንተኩስ ብለን ሊቀ መንበሩን ብንጠይቅ አንድ ጥይት ብቻ ፈቀደ። ቢከሽፍም ሁለተኛ የለም አለ። የቀረውን ጥይትዎን አላመንነውም፤ የፋብሪካ ጥይት ደግሞ ለዚያ ጠመንጃ ከየት ይመጣል? የተተኮሰ ቀለሃ አጥበን ባሩድ መሙላት ነበረብን፤ እርስዎ ሲያደርጉት እንደኖሩት። ባሩዱ ቢያንስ ዳግመኛ መሳቂያ እንሆናለን። ቢበዛ ደግሞ ጠመንጃው ያረጀ ነው፤ ሰደፉ ላይ የሚያርፈው የሸዋፈራሁ ጉንጭ ነው። ውርደቱን እችለው ይሆናል። የወንድሜን ዓይን ግን በግምት አልሰጥም።

እርስዎ የሚሰፍሩበት የበሬ ቀንድ ጫፍ አለ። ሸዋፈራሁ በእሱ እንስፈር አለኝ። ሞከርኩት፤ ባሩዱ ውድ ስለሆነ በጤፍ። ቀንዱን ስነቀንቀው ጤፉ ይሰምጣል፤ ሳልነቀንቀው ከፍ ይላል፤ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ልክ አልወጣልኝም። እንዴት እንደሚነቀነቅ የሚያውቀው እጅዎ ነበር፤ እሱ ደግሞ የለም። «እንግዲያው ሚዛን ይዤ እመጣለሁ» ብዬ ወደ ትምህርት ቤቴ ተመለስኩ።

አባዬ፣ ኬሚስትሪ ሳስተምር ይህን ያህል ዘመን ሚዛን እየነካሁ ኖሬያለሁ፤ አንድን ሚዛን ግን ለምን እንደማምነው ጠይቄ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ አንድ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛኑ ጥሩ ነው፤ በሌላው ሳህን ላይ የሚያስቀምጠው ግን ዘርና የክብሪት ስባሪ ሆነ። ለወርቅ የበቃ ለባሩድ እንዴት አይበቃም ብሎ ተቆጣኝ። ወርቅ ፊት ላይ አይፈነዳም አልኩትና ወጣሁ።

ከዚያ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ አንድ ባልደረባዬ በባትሪ የሚሠሩ ሁለት ትንንሽ የኤሌክትሮኒክ ሚዛኖች እንዳሉት ሰማሁ። የጸሎት መጽሐፍ ያክላሉ። አንዱ ከነጥቡ በኋላ ብዙ አሃዝ ይደረድራል፤ ሌላው ጥቂት ነው የሚያሳየው። ዓይኔ አሃዝ በበዛበት ላይ ቀረ። ደግነቱ ከቤተ ሙከራ ክብደቱ የታወቀ አንድ የናስ የሚዛን ድንጋይ ይዤ ነበር። ሳስቀምጠውና ሳነሳው፣ ሳስቀምጠውና ሳነሳው ዋልኩ። ባለ ብዙ አሃዙ በየጊዜው ሌላ መልስ ይሰጣል፤ ባዶውንም ሆኖ ወደ ዜሮ አይመለስም። ሌላው ድንጋዩ መሐል ላይም ዳር ላይም ሲቀመጥ ያንኑ ይናገራል፤ ሳነሳለት ዜሮ ብሎ ዝም ይላል። ብዙ መናገርና እውነት መናገር ለየቅል ናቸው፤ በስብሰባ ብዛት አስቀድሞ ሊገባኝ የሚገባ ነገር ነበር። ዝምተኛውን ተዋስኩ። ባልደረባዬ የከበረውን ትቼ ተራውን መምረጤ ገርሞት ቀረ።

እስከ ሞላሌ በአውቶቡስ ጭኔ ላይ አቅፌው መጣሁ። ከዚያ ወዲያ በቅሎዋን ለሚዛኑ ለቅቄ እኔ በእግሬ ሄድኩ። ሸዋፈራሁ ታቦት አጃቢ መሰልክ እያለ እስከ ቤት አሾፈብኝ።

ቤት ስደርስ ብርዱ እንደሚያውቁት ነው፤ ጓሳ ላይ ያደረው ንፋስ ደርቆ ይገባል። እማዬ በርኖስዎን አውጥታ ደረበችልኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አላወለቅሁትም፤ እሷም ከኋላዬ ታየኛለች፤ ምን እንደምታይ ገብቶኛል።

ሚዛኑን እንዳይበርደው ብዬ መደቡ ላይ የበግ ጠጉር ባና አነጠፍኩና አስቀመጥኩት። ባሩዱን ከማምጣቴ በፊት በገብስ ፍሬ ልፈትነው አልኩ። አባዬ፣ ያ ዝምተኛ ሚዛን አበደ። ባዶ ሳህን ይዞ ቁጥር ይቆጥራል፤ ስጠጋው ይጨምራል፤ ስርቅ ይቀንሳል። በሩን ዘጋሁ። ዶሮዎቹን አስወጣሁ። ሸዋፈራሁ እንዳይተነፍስ ከለከልኩት። ባናውን አንስቼ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጥኩለት፤ ትንሽ ተሻለው እንጂ አልረጋም። ሠሪውን ሰደብኩ፤ ባልደረባዬን ሰደብኩ፤ አገሩን ሰደብኩ። እማዬ ከምድጃው ሆና «ዕቃው ምን ያድርግህ? ከመጣህ ጀምሮ ስትጮህበት ነው» አለች።

ተውኩትና ተቀመጥኩ። ያኔ ነው የገብሱን ገለባ ያየሁት። ከሳህኑ አጠገብ የወደቀ አንድ ብጣሽ ገለባ ብድግ ብሎ የበርኖስዎ ጠርዝ ላይ ተለጠፈ። አራገፍኩት፤ ተመልሶ ተለጠፈ። ንፋስ የለም። እጄን አስጠጋሁ፤ ሌላው ገለባም ተነሳ።

ትዝ ይልዎታል? ልጅ ሆኜ፣ ሲመሽ በርኖስዎን ሲያወልቁ ጥቃቅን ብልጭታ እየወጣ ሲንጣጣ ፈርቼ ምንድን ነው ብዬዎት ነበር። «የበጉ ቁጣ ነው» አሉኝ፤ «ጠጉሩን ሲሸልቱት ሳይናገር የዋጠው»። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስመለስ ከሱፍ መፋተግ የሚመጣ ኤሌክትሪክ መሆኑን እየተቆጣሁ አስረዳሁዎ። እስከ መጨረሻው ሰምተው «እና ለበጉ ማን ነገረው?» አሉኝ። ያን ቀን ተናድጄ ወጣሁ።

ሱፉ ነበር፣ አባዬ። ባናውም በርኖሱም። የሚዛኑ ሳህን ፕላስቲክ ነው፤ አየሩ ደረቅ ነው፤ እኔ ሱፍ ለብሼ በተቆጣሁ፣ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ገለባውን የሚስበው ኃይል ሳህኑንም ይስባል። አዲስ አበባ በሸሚዝ ሆኜ ስፈትነው ይህን ከየት አውቄ! ሌላ አገር ቢሆን ይህ ስህተት አይደርስም ነበር፤ መንዝ ውስጥ ግን ሱፍ ሳይለብስ ሚዛን ፊት የሚቀመጥ ማን አለ?

ማውለቅ ከበደኝ። ብርዱን ብቻ አይደለም የምለው። እማዬ መጣችና በርኖሱን ከትከሻዬ ላይ ተቀበለችኝ፤ አጥፋም ደረቷ ላይ ያዘችው። ሸዋፈራሁም የራሱን ጣለ። ኤሌክትሪኩን እንዲያፈስልኝ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ እርጥብ ጨርቅ አነጠፍኩ። ሁለት ጎልማሳ ወንድማማቾች በሸሚዝ እየተንቀጠቀጥን ሚዛኑ ፊት ተቀመጥን። ዜሮ አለ። ቆየን፤ አሁንም ዜሮ። የናሱን ድንጋይ አስቀመጥኩ፤ አዲስ አበባ የተናገረውን ያንኑ ቁጥር ተናገረ።

ከዚያ የባሩድዎን ልክ ለማወቅ ሁለተኛውን ጥይትዎን ከፈትን። የቀለሃው አፍ ላልቶ እርጥበት ገብቷል፤ ባሩዱ ጓል ሆኗል። እንግዲያው የከሸፈው ከእርጥበት ነው፤ ከእጅዎ አይደለም፤ ይህን ለጋሽ ወንድይራድም ነግሬያቸዋለሁ። ባሩዱን አድርቀን መዘንነው፤ ልክዎን ከእርስዎ ተቀበልን። አዲሱንም በዚያው ልክ መዝነን፣ ደግመን መዝነን ሞላን። ሸዋፈራሁ የእርሳሱን አረር ገጠመበት።

ትናንት ከፍትሐቱ በኋላ ሰዉ አጥሩ ውጭ ቆመ። ሸዋፈራሁ ጉንጩን ሰደፉ ላይ አደረገ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ነጎደ። ጭሱ በራሳችን ላይ አለፈ፤ ድምፁ ጓሳ ደርሶ ተመለሰ፤ የጎረቤት በቅሎ ገመድ በጠሰች። ቀና ስል ወንድሜ ሁለቱንም ዓይኖቹን አፍጥጦ ይስቃል። ጋሽ ወንድይራድ ወደ መቃብርዎ ዞረው «አሁን ሰማሁህ» አሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ አለቀስን።

ቀለሃው ገና ትኩስ ሳለ ሸዋፈራሁ መዳፌ ላይ አኖረው። የናሱን ድንጋይ ለቤተ ሙከራው መመለስ አለብኝ፤ ሚዛኑን ግን ባልደረባዬን ለምኜ የራሴ አደርገዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ቀለሃውን መዝኜ ቁጥሩን በልቤ ይዣለሁ። በየዓመቱ በዚህ ቀን እዚህ መደብ ላይ እመዝነዋለሁ። ያው ቁጥር ከመጣ ሚዛኑ ደህና ነው፤ እርስዎም ከእኛ ጋር ነዎት። መጀመሪያ ግን በርኖስዎን አውልቄ ለእማዬ እሰጣለሁ፤ ቁጣዬንም አብሬ።

ልጅዎ