የበሩ እጀታ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ወገቤን ያመኝ ጀምሯል ብለህ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጎልተህ እየዋልክ ምን ትጠብቃለህ። እኛ ደህና ነን። ልጄም ፈተናዋን ጨርሳለች፤ ለዚህ ሁሉ ብስጭት የዳረገችኝም እሷው ናት።

ቅዳሜ ከሰዓት «አጎቴ የሠራውን የኮምፒውተር ጨዋታ ነይ እይ» ብላ አስቀመጠችኝ። አጭር ነው፣ አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ እንቆቅልሹን ፈትተሽ ትወጫለሽ፣ ትንሽ ግን ያስፈራል አለችኝ። ክፍሉን ገና ሳየው ደሜ ፈላ። የእኔና የአንተ መኝታ ቤት ነው! ደውለህ «እህቴ፣ እንዲህ አስቤያለሁ» እንኳ ሳትለኝ ለአላፊ አግዳሚው አሰጣኸው?

እሺ፣ ይሁን። በትክክል ብትሠራው ምን ነበረበት? ቁምሳጥኑ ያለው ሦስት መሳቢያ ነው፤ አንተ አራት አድርገኸዋል። መሳቢያው የእማዬን አዝራሮች በቀለም ካልለየሽ አልከፈትም አለኝ፤ እሷ በመጠን ነበር የምትለያቸው። ከውጭ የሚመላለሰው ነጠላ ጫማ ደግሞ በተሳሳትኩ ቁጥር እየተጎተተ ይመጣና በሩ ጋ ቀጥ ይላል። ልጄ ትራስ አቅፋ «ጭራቋ መጣች» ትለኛለች። በዚያ ኮሪደር ነጠላ ጫማ የሚጎትት ከእኔ ሌላ ማን ነበር? አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። እማዬ በአንዱ ክፍል፣ አንተ በሌላው፤ የት ልቁም?

ይህንንም በተውኩልህ። ያበገነኝ መጨረሻው ነው። ሁሉን ፈትቼ ቁልፍ ብፈልግ ብፈልግ የለም። ልጄ «እጀታውን ዝም ብለሽ ተጫኚው» አለችኝ። ተጫንኩት፤ ተከፈተ። ማዶ የእማዬ ባዶ አልጋ፣ ከላዩ «በሩ ክፍት ነበር» የሚል ጽሑፍ። ያቺን ቃል አውቃታለሁ፤ መጀመሪያ ከማን አፍ እንደወጣች አንተም ታውቃለህ። ለካ በሬዲዮ ቀርበህም «እናቴ ስትሞት ፈርቼ ከክፍሌ አልወጣሁም፤ ጨዋታው ስለ ፈሪነቴ ነው» ብለሃል።

ምን ዓይነት ሰው ነህ? በሰባት ዓመትህ የነገሩህን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ታቅፈህ ትቀመጣለህ? አንድ ቀን «እህቴ፣ እርግጠኛ ነሽ?» ብትለኝ ምን አለበት? ስንት ጊዜ ጠብቄሃለሁ።

አክስታችን «ልጁ እንዳያይ» አለችኝ። እኔ ለትንሽ ጊዜ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሰዉ ሁሉ «እናቱ ያን ያህል ስትጠራው ለምን አልመጣም?» ብሎ ሲጠይቅ አክስታችን ዞራ አየችኝ። እኔም «በሩ ክፍት ነበር» ብዬ መለስኩላቸው።

እንግዲህ አስተካክለው። እጀታው ቢጫኑትም አይከፍትም ነበር። ሲወርድ፣ ሲመለስ፣ ደግሞ ሲወርድ ከወዲህ በኩል ቆሜ አይቼዋለሁ። ዘጠኝ ድረስ ቆጥሬ ፊቴን አዞርኩ። ስለ ፈሪ መሥራት ካማረህ ነጠላ ጫማ ያደረገችውን ሥራ፤ አንተን ግን ተው፣ ያን ልጅ አትንካብኝ።

ፈጣሪ ወገብህን ይማርልህ፤ እንቅልፍህንም ይመልስልህ። ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ ጠቅልዬ የላክኩልህን ስትፈታ ቀስ በል፣ ዝጓል። ጨዋታህ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ጋ ነበር።

ጫማዋን የምትጎትተው እህትህ