በልጄ በር ላይ ስለተቸነከረው ቀንድ

ለክቡር ዶክተር ኤርሜኔጂልዶ ስካራፎኒ
የሞንቴፎስኮ ከተማ ከንቲባ

ክቡር ሆይ፦

ፈጣሪ ጉልበትዎን ከቁርጥማት፣ ደረትዎን ከኅዳር ብርድ ይጠብቅልን፤ ከሰገነትዎ ላይ ሆነው እኛን ማስተማርዎንም አያስታጉልብን። እኔ ኢንኮሮናታ ታርታሊያ እባላለሁ፤ ባለፈው እሁድ ስሙን ከባርኔጣዎ ውስጥ በዕጣ አውጥተው «የቀንዳሞች ንጉሥ» ብለው የሰየሙት የሳቬሪዮ እናት ነኝ። ለእንዲህ ያለ ክብር በጓሮ ማመስገን ነውር ስለሚሆንብኝ፣ ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ሚስቱ የማገጠችበትን ሰው «ቀንዳም» ብሎ መስደብ የእኛ የገበሬዎች ብልግና ብቻ ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ግን ግሪኩም፣ ስፓኙም፣ ፖርቱጋሉም በየቋንቋው ይህንኑ ቀንድ እንደሚወራወር አስረዱን። ፈረንሳዩና እንግሊዙ ደግሞ በሌላ ወፍ ጎጆ እንቁላሏን ከምትጥል ወፍ ስም ሌላ ስድብ አበጅተዋል አሉን፤ ጥፋቱ የወፏ ሆኖ ስድቡ ለጎጆው ባለቤት መድረሱ ግን ገርሞኛል። ጀርመኖች አውራ ዶሮ ሲያኮላሹ የእግሩን ሾህ ቆርጠው አናቱ ላይ ይተክሉለት ነበር፤ እዚያው እንደ ቀንድ ያድግለታል አሉ። አንድ የቁስጥንጥንያ ንጉሥም ሚስቶቻቸውን በነጠቃቸው ሰዎች ቤት ላይ ያደነውን የአጋዘን ቀንድ ያሰቅል ነበር ይባላል አሉን፤ አደባባዩ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ያልተማርኩት ግን አንድ ነገር ሳይገባኝ ቀረ፦ ቀንዱን የሚሰቅለው ሁልጊዜ ቢላዋው ወይም ዘውዱ በእጁ ያለው ነው። ሚስቶቹስ በኋላ ምን ሆኑ? እሱን አልነገሩንም፤ ምናልባት ሰዓት አጥሮዎት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ባህላችንን ስላሻሻሉልን አመሰግናለሁ። ድሮ በቅዱስ ማርቲኖ ዕለት አዲሱ ወይን ጠጅ ሲከፈት፣ ባለትዳር የሆነ ሁሉ በገዛ እጁ በገዛ በሩ ላይ ቀንድ ይሰቅል ነበር። ሐኪሙም፣ የፖሊስ አዛዡም፣ ነፍሱን ይማረውና ባሌ ጋስፓሬም። «ነይ እንጂ ኢንኮሮናታ፣ ዘንድሮስ የሰጠሽኝ ቀንድ ከበደኝ!» ይለኛል። «የከበደህስ ባዶው ጭንቅላትህ ነው!» እለዋለሁ። ጎረቤት ይስቃል፤ እኛም በጎረቤት እንስቃለን። ሁሉም የተሰደበበት ስድብ ማንን ይጎዳል? እርስዎ ግን የጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች እንዲመጡልን ብለው፣ ከእንግዲህ አንድ ሰው ብቻ ይንገሥ፣ ሌላው በሩን ያጽዳ ብለው አዘዙ። ቀልድና ቅዘን ቤት ያበላሻል የሚለው ተረት ግን፣ አፌን ይማረኝና፣ ከንቲባ አይፈራም።

ሦስተኛ፣ ልጄ። ሳቬሪዮ ቤልጂየም የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ከርሞ ገና መመለሱ ነው። እስኪመጣ ድረስ ሚስቱ አሱንታ ከእኔ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ኖራለች፤ ንጽሕናዋን እኔ እናቱ እመሰክራለሁ። ዘበኛዎ ቀንዱን በሩ ላይ ሲቸነክር ሳቬሪዮን «ዕጣ ነው ልጄ» አልኩት። «ከዚህ ሁሉ ወንድ መሐል እኔን? ሰዉ የሚያውቀው ነገር አለ፣ እማዬ» አለኝ። መጠጥ ቤት ሲገባ ደግሞ «ንጉሥ ሆይ፣ በሩ ዝቅተኛ ነው፣ ጎንበስ በል!» ብለው ተቀበሉት። ቀንዱን ላውርደው ብዬ ብነሳ «ተዪው፤ የከተማው ስጦታ ነው» ብሎ ከለከለኝ።

ከዚያ ወዲህ አሱንታ ያቀረበችለትን ሾርባ አይቀምስም። የወይን መግረዣ ቢላዋውን ይስላል፤ ወይን የሚገረዘው ከገና በኋላ መሆኑን ክቡርነትዎም ያውቃሉ። ትናንት ደግሞ የሠርግ ልብሷን ከሣጥን አውጥቶ አልጋው ላይ ዘረጋው። በእኛ አገር ያገባች ሴት ያን ልብስ ዳግመኛ የምትለብሰው ስትገነዝ መሆኑን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል።

ፖሊስ ጣቢያም ሄጃለሁ። አዛዡ «እማማ፣ እስካሁን ምን አጠፋ? ቢላዋ መሳል እኮ ወንጀል አይደለም» ብሎ በትሕትና ሸኘኝ። ሕጋችንም ቢሆን ስለ ክብሬ ገደልኩ ለሚል ባል አንጀቱ ቶሎ ይራራል። አሱንታ «እማማ፣ ልጥፋ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። «ብትሸሺ አመነች ይሉሻል፤ ብትቀመጪ…» አልኳት። ልጄን እወደዋለሁ ክቡር ሆይ፤ ልጄን ፈርቼዋለሁ።

የምለምንዎ ቀላል ነው። ከቅዱስ ማርቲኖ በዓል በፊት ወደዚያው ሰገነት ይውጡና ዕጣው ዕጣ ብቻ እንደነበረ፣ ስለዚያች ሴት ማንም አንዳች እንደማያውቅባት በዚያው ድምፅዎ ይናገሩ፤ ቀንዱንም በየበሩ ይመልሱልን። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እርስዎ ግን ዶክተር ነዎትና አንድ ጊዜ ቢያሹት ምናለ?

ለጥበብዎ እጅ የምነሳ፣ ቀልድዎ ሰው እንዳይገድል የምሰጋ፣ ልጄን ካነገሡት ወዲህ ለአንዲቷ ምራቴ ነፍስ የምፈራ፣

ታዛዥዎ ኢንኮሮናታ ታርታሊያ

ሳልረሳው፦ ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳሉ በርዎ ላይ አንድ የበሬ ቀንድ ሰቅያለሁ። የቆምኩበትን ወንበር ደግፈው የያዙልኝ ባለቤትዎ እመቤት ኦርቴንሲያ ናቸው፤ እሳቸውም አልሳቁም። እርስዎ ሲመለሱ ቀንዱን አይተው፣ ገና ምንም ሳይጠይቁ፣ መጀመሪያ ባለቤትዎን በምን ዓይን እንዳዩዋቸው እሳቸው ይነግሩኛል። አሱንታ ከእሁድ ጀምሮ የምትታየው በዚያ ዓይን ነው።