ዋንዛው ሥር የቀረው ጫማ

ሶዶ፣ ቅዳሜ ኅዳር ፰ ቀን ፲፱፻፳፯ ዓ.ም.

ገሱባ ላለችው ባለቤቴ ይድረስ።

ከተለየሽኝ ወዲህ እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ፣ አባትሽስ ደኅና ናቸው? የአባትሽ ቁጣ ደኅና መሆኑን ግን አልጠይቅም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከአንድ ተረከዝ በቀር ሁለመናዬ ጤና ነው። ይህን የምጽፍልሽ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ እግሬን ሁለት ትራስ ላይ ሰቅዬ ነው። ቅቤ ነጋዴዋ ባዳቾ ከገበያ ስትመለስ ይዛልኝ ትሄዳለችና ፊደሌ ቢንጋደድ ከችኮላ ቁጠሪልኝ።

የሚሲዮኑ ሐኪም የሚያስተኛ መድኃኒት አሽትቶ ተረከዜን ከፈተው፤ የተሰባበረውን አጥንት ገጣጥሞ በጀሶ ጠቀለለው። መድኃኒቱ ይዞኝ ሳለ ስምሽን ስጠራ እንደነበር ነገሩኝ። ምስክሩ ብዙ ስለሆነ መካድ አልቻልኩም። ቤት ከገባሁ አምስት ሳምንቴ ነው። ወጌሻው ዳልጮ ወደ ፈረንጅ በመሄዴ አኩርፎኛል፤ አኩርፎም ግን ሳይመጣ የዋለበት ቀን የለም። ጀሶውን በጣቱ እያንኳኳ፣ እኔ ይዤህ ቢሆን ይሄኔ ትጨፍር ነበር ይለኛል። አናጢው ገብረአማኑኤል ምርኩዝ ሠርቶልኝ ትናንት እስከ ደጃፍ ወጣሁ። ዶሮዎቹ አላወቁኝም መሰለኝ ሸሹኝ። ደስ ብሎኝ ለብቻዬ ሳቅሁ።

በምን ተሰበርክ ላለኝ ሁሉ ከበቅሎ ወደቅሁ እላለሁ። ሐኪሙ ብቻ እግሬን አገላብጦ አየና በቅሎህ ቁመቷ ስንት ክንድ ነው ብሎ ጠየቀኝ። እንዲህ ያለው ስብራት ከከፍታ ዘሎ በተረከዙ ያረፈ ሰው የሚያገኘው ነው አለ። አስተርጓሚው ሲስቅ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

አሁን ወደ ቅቤው ልምጣ። ባዳቾ ከገሱባ ለገበያ በመጣች ቁጥር በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ትሰጠኛለች። ከማን ነው ስላት ከራሴ ነው ትላለች። ቅቤ ነጋዴ ቅቤዋን በየሳምንቱ በነጻ ስታድል አይቼ አላውቅም። በሦስተኛው ሳምንት ጥቅሉ የታሰረበትን ቃጫ ልፈታ ስል አልፈታ አለኝ፤ ቋጠሮው የተገላቢጦሽ ነበር። እንዲህ አድርጎ የሚያስር ግራኝ እጅ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ቃጫዎቹን አልጣልኩም፤ ሁሉም ትራሴ ሥር አሉ።

ያን እጅ ነው በእንግዶች ፊት ያዋረድኩት። በግራሽ ጠጅ ስትቀጂ፣ ለዚች ቀኝ እጅ አልተፈጠረላትም ብዬ ሳስቅብሽ፣ የያዝሽውን ቀስ አድርገሽ አስቀመጥሽ። በማግሥቱ አባትሽ ቤት ገባሽ። ሽማግሌ ብልክ አባትሽ፣ ባሏ ራሱ በእግሩ ካልመጣ ልጄን አልሰጥም ብለው ማሉ። እኔም ወር ሙሉ ኰራሁ።

ዛሬ ግን ጥቅሉን ስፈታው ከቅቤው ጋር የግራ እግር ጫማዬ ወጣ። በቅቤ ታሽቶ ያብለጨልጫል። ለካ ታውቂ ኖሯል። እኔ ሰባት ሳምንት ሙሉ ያላጠፋችውን በቅሎ ሳማ ከረምኩ።

እንግዲህ ልናገር። መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን ከሶዶ ገሱባ በእግሬ መጣሁ። ደጃችሁ ስደርስ ልቤ ከዳኝ። መጀመሪያ የአባትሽን ፊት ልይ ብዬ ከአጥሩ ጀርባ ያለው ዋንዛ ላይ ወጣሁ። እሳቸውን አላየሁም። ጓሮ ተቀምጠሽ በግራ እጅሽ ጎመን ስትቀነጥሺ አየሁ። እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ሆኜ አለቀስኩ። ውሻችሁ ሲጮህ ደንግጬ ዘለልኩ፤ ያረፍኩት ድንጋይ ላይ ነው። የግራ ጫማዬን እዚያው ጥዬ እየዳህኩ መንገድ ደረስኩ፤ መንገደኞች በቃሬዛ ሶዶ አገቡኝ። ያን ቀን ልልሽ የመጣሁት ይህን ነበር፤ በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።

ሐኪሙ ከገና በፊት ረጅም መንገድ አይሞከርም ብሏል። የሚመጣው ቅዳሜ ደግሞ ጾም ይገባል፤ ቅቤ የምትልኪበት ምክንያት አይኖርሽም። ስለዚህ ጫማውን መልሼ ልኬልሻለሁ። ለአባትሽ አሳዪልኝ። በእግሩ ካልመጣ ብለው ነበር፤ በእግሬ ለመምጣቴ ምስክሩ እሱ ነው። ካመኑሽ ራስሽ ይዘሽልኝ ነይ፤ ጀሶው ሲፈታ የማጠልቀው ሌላ ጫማ የለኝም።

ጥቅሉን ያሰርኩት በአንቺው ቃጫ፣ በግራ እጄ ነው። አራት ጊዜ ተፈታብኝ። እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ጊዮርጊስ ከነቤተሰብሽ ይጠብቅሽ፤ እጆችሽን ሁለቱንም ይባርክልኝ።

ደጅ ደጁን የሚያየው ባልሽ